ቲርዛ ጋውላንድና የገለባው ሰውዬ

የኢልደርበርንን ታሪክ የጻፈው መምህር ለመጀመሪያው የድንጋይ ከሰል ጉድጓድ አሥራ አራት ገጽ፣ ለባቡር ማደሪያው ግንባታ ደግሞ ሃያ ገጽ ሰጥቷል። ስለ ታችኛው የሐዲድ መሻገሪያ ግን «በሩን አንዲት ባሏ የሞተባት ሴት ትጠብቀው ነበር» ብሎ ያልፋል። ሴትዮዋ ቲርዛ ጋውላንድ ነበረች። መምህሩ በልጅነቱ ወደ ትምህርት ቤት ሲሄድ እዚያ በር ላይ ቆሞ፣ ባቡሩ እስኪያልፍ አፍንጫውን ይጎረጉር ነበር፤ ቲርዛም በየጠዋቱ «አንተ፣ እዚያ ውስጥ ከሰል የለም!» ትለው ነበር። ስሟን የዘለለው ይህን ረስቶ ሊሆን ይችላል። ሳይረሳም ሊሆን ይችላል።

ኢልደርበርን ለፖስታ ቤቱ አንድ ከተማ፣ ለነዋሪዎቹ ግን ሁለት ነበር። ከሐዲዱ በላይ፣ ዳገቱ ላይ፣ የከሰል ቆፋሪዎች ይኖራሉ፤ ከሐዲዱ በታች የባቡር ሰዎች። ላይኞቹ ታችኞቹን «ጭስ ላሾች» ይሏቸዋል፤ ታችኞቹ ላይኞቹን «ፍልፈሎች»። እሑድ እሑድ አንድ ጸሎት ቤት ይሄዳሉ፤ ላይኞቹ በቀኝ፣ ታችኞቹ በግራ ይቀመጡና እግዚአብሔርን ሳይሆን እርስ በርስ ለመብለጥ ይዘምራሉ።

ቲርዛ የፍልፈል ልጅ ነበረች። በሃያ አራት ዓመቷ ሐዲድ ጠጋኙን ሩበን ጋውላንድን ስታገባ፣ የእህቷ ባል ኤሞስ ለእንዲህ ዓይነት ሠርግ ሐዲዱን አልሻገርም ብሎ ማለ። ከሠርጉ ግን አልቀረም። በላይኛው በኩል በሩን ተደግፎ ቆመና የድርሻውን የአሳማ ሥጋ በአጥሩ ላይ ተቀብሎ በላ። ሁለት ጊዜም ጭማሪ ጠየቀ።

ሩበን ጸጥ ያለ ሰው ነበር። አንድ ዓመት በብርዱ ወራት ስድስት ቀን ሙሉ ከሐዲዱ ላይ በረዶ ሲጠርግ ሰነበተ፤ በሰባተኛው ቀን ሳምባው ታመመ፤ በአሥረኛው ሞተ። የባቡሩ ኩባንያ ለቲርዛ ባቡር ሲያልፍ መንገዱን የሚዘጋውን የመሻገሪያ በር እንድትጠብቅ፣ ስትጠብቅም በሩ አጠገብ ባለችው ባለ ሁለት ክፍል ቤት እንድትኖር ፈቀደላት። በር ከሌለ ቤት የለም ማለት ነው። ቤቷ ግን የጎደላት አንድ ነገር ነበር። ለቆፋሪዎች በየጊዜው አንድ ጋሪ ከሰል በነፃ እየመጣ ደጃቸው ላይ ይገለበጣል፤ የአባት የአያት መብታቸው ነው። ቀኑን ሙሉ ከሰል ሲያመላልሱ ለሚውሉት ለባቡር ሰዎች ግን አንድ ጓል እንኳ አይሰጥም። በቲርዛ መስኮት ሥር በየቀኑ ሠላሳ ባቡር ሙሉ ከሰል ያልፋል፤ እሷ ከውስጥ ሁለት ካፖርት ደርባ ትቀመጣለች።

በዚያ የመጀመሪያ የብርድ ወቅት ኤሞስ ወርዶ መጣ። አሁንም ሐዲዱን አልተሻገረም። በሩ ላይ ክንዱን አስደግፎ ጠራት።

«አንቺ ልጅ! ደጄ ላይ የተቆለለውን አይተሻል አይደል?»

«ዓይን አለኝ፣ ጋሼ ኤሞስ።»

«ለሌላ ሰው መስጠት ክልክል ነው። ግን ዘመድ ነሽና ዓይኔን ልጨፍን እችላለሁ። አንድ ነገር ብቻ ታደርጊልኛለሽ። እሑድ በጸሎት ቤቱ ሻይ ላይ ተነሥተሽ፣ የባቡር ሰው ማግባቴ ስሕተት ነበር ትያለሽ።»

«ሌላስ?»

«ሌላ የለም። ጮክ ብለሽ ግን። በግራ በኩል ያሉት እንዲሰሙ።»

ቲርዛ አፍንጫዋ በብርድ ቀልቶ ነበር፤ ሆኖም ፈገግ አለች። «እሑድ እመጣለሁ ጋሼ። ሻዩን እጠጣለሁ። ከዚያ ጮክ ብዬ ሁለተኛ ስኒ እጠይቃለሁ።»

ኤሞስ እየሳቀ ወጣ። ምን ያስቸኩለዋል? ብርዱ ገና ሁለት ወር ይቀረው ነበር።

የገለባው ሰውዬ የተወለደው በዚያው ዓመት በጸደይ ነው። ቲርዛ ከሐዲዱ አጥር ጀርባ አተር ዘርታ ነበርና የኤሞስ ርግቦች ፍሬውን እየለቀሙ አስቸገሯት። በመስቀለኛ እንጨት ላይ የሩበንን አሮጌ ኮት አልብሳ፣ ገለባ ጠቅጥቃ፣ ራሱን በከረጢት ሠርታ አቆመችው። በማግሥቱ ባዶ ፉርጎ እየጎተተ የሚመለሰው የጠዋቱ ባቡር ሲያልፍ ለባቡሩ ምድጃ ከሰል የሚዝቀው እሳት አንዳጅ ሴፒ፣ እጁ የማያርፍ ግራኝ ጎረምሳ፣ አንድ ጓል ከሰል አንሥቶ ወረወረበት። ሳተው። ጓሉ ጎመኖቿ መካከል አረፈ።

ቲርዛ ጓሉን በሁለት እጇ ይዛ፣ ልጁን በእናቱ ስም ጠርታ ልትሰድበው ከቤት ወጣች። አፏን ከፈተች። እጇ ላይ ያለውን አየች። አፏን ዘጋች።

ከዚያን ቀን ጀምሮ ቲርዛ የሰውን ልጅ አወራወር የምታጠና ሰው ሆነች። ሰውዬውን ወደ አጥሩ ስታቀርበው ልጆቹ አንድ ጊዜ መትተው ይተዉታል፤ ወደ ኋላ ስታርቀው ግን መሳታቸው ስለሚያሳፍራቸው ደጋግመው ይወረውራሉ። ስለዚህ አራቀችው። የሴት ሻሽ ስታስረው ሁለት ጓል ብቻ አገኘች፤ እናት ያለው ሰው በሻሽ ላይ እጁ አይጨክንም። አንድ ሳምንት የሰባኪ ነጭ አንገትጌ አደረገችለት፤ ጥሩ ሳምንት ነበር፤ ግን ኅሊናዋ አላስቻላትም። በመጨረሻ ሆዱ ላይ ትራስ አሰረች፤ ከፈረስ ጭራ ወፍራም ሪዝ ሠራችለት፤ የሩበንን ክብ ጥቁር ባርኔጣ ወደ ግራ ዘንበል አድርጋ ደፋችለት። ወደ ኋላ ሄዳ ስታየው አቶ ፓሊስተር ሆኖ ቆሟል።

አቶ ፓሊስተር የባቡር ማደሪያው አለቃ ነበር። አንድ ደቂቃ የዘገየን ሰው የግማሽ ቀን ደሞዝ የሚቀጣ፣ የአካፋ እጀታ በጣቱ አብሶ አቧራ የሚፈልግ ሰው። ቲርዛ አስባ አልሠራሁትም ትል ነበር። ግን አስባ ነው የሠራችው። በዚያን ቀን ከሚያልፉት ባቡሮች አንድም ባዶ እጁን ያለፈ የለም። አንዱ እሳት አንዳጅ በእጁ መወርወሩ አልበቃው ብሎ በአካፋ ዝቆ ለቀቀው።

ባቡር ምልክት እየጠበቀ መሻገሪያው ላይ ሲቆም ሴፒ አንገቱን አውጥቶ ይለፈልፋል።

«እትዬ ቲርዛ! ትናንት ሆዱን አገኘሁት!»

«አይቻለሁ። ግን የምትወረውረው ነገር ትንሽ ነው ሴፒ። ለእንዲህ ያለ ሆድ አይመጥንም።»

«ትልቁ ይከብዳል እኮ!»

«እናትህ ጠንካራ ልጅ አለኝ ስትል ሰምቼ ነበር። ሌላ ልጅ ይሆናል።»

በማግሥቱ ድፎ ዳቦ የሚያህል ጓል መጣላት።

የሴፒ ባቡር ነጂ ጃቤዝ የሚባል የጸሎት ቤት ሽማግሌ ነበር፤ ሐሰት አይናገርም፣ ሌባም አያይም። ስለዚህ ወደ ቲርዛ በር ሲቃረብ ፊቱን ወደ ሌላው ወገን ያዞራል። ሦስት ዓመት ሙሉ እንዲህ ሲያደርግ ቆይቶ በወዲያኛው ሜዳ ላይ ስላሉ ወፎች በከተማው እንደ እርሱ የሚያውቅ ጠፋ።

ኤሞስ የጭስ ማውጫዋ ሲጨስ ከዳገቱ ላይ ያይ ነበር። እያንገበገበው ወረደ።

«ከየት አመጣሽው?»

«ይወረውሩልኛል፣ ጋሼ ኤሞስ።»

«እኔ እየቀለድኩ አይደለም!»

«እኔስ መች ቀለድኩ?»

እውነቱን ነገረችው፤ እሱ ግን እንደ ስድብ ቆጥሮት ሁለት ወር አላናገራትም።

በሦስተኛው ዓመት፣ ታላቁ የዓለም ጦርነት ሊመጣ ስድስት ዓመት ሲቀረው፣ ጃቤዝ ለመጀመሪያ ጊዜ ፊቱን ወደ ቲርዛ አዞረ። ባቡሩን አቁሞ ወርዶ መጣ።

«እቴ፣ ከኩባንያው የበላዮች ደብዳቤ መጥቷል። በዚህ መስመር የሚሄዱት ባቡሮች ከሚገባው በላይ ከሰል ይበላሉ ይላል። ፓሊስተር ነገ መጥቶ መስመሩን በእግሩ ያያል።»

«እኔ ጋ ይደርሳል?»

«አንቺ ጋ ነው የሚጀምረው። በር ጠባቂ እጇ አለበት ከተባለ በሩም ቤቱም ይወሰዳል። በሰባት ቀን ውስጥ።» ጃቤዝ ኮፍያውን አውልቆ አገላበጠው። «እኔ ምንም አላየሁም። ግን ያላየሁት ሰውዬ ቢነሣ ጥሩ ነው።»

ቲርዛ ሰባት ቀኑን አሰበች። በስምንተኛው ቀን የት እንደምትሆን ታውቃለች፤ በእህቷ ቤት፣ በኤሞስ ምድጃ ፊት፣ ዕድሜ ልኳን ሙቀት ሳይጎድልባት። በየማታው አንድ ጊዜ ብቻ፣ ማግባቴ ስሕተት ነበር እያለች፣ ጮክ ብላ።

በማግሥቱ ጠዋት የሁለት ሰዓቱን ባቡር አሳልፋ ሰውዬውን ልትነቅል ወደ ጓሮ ስትሄድ ከጠጠሩ ላይ የጫማ ድምፅ ሰማች። አቶ ፓሊስተር ከተባለው ሰዓት በፊት መጥቷል። ሆዱ ቀድሞ፣ ባርኔጣው ወደ ግራ ዘንበል ብሎ፣ ሪዙ በጤዛ ረጥቦ። እጇን ከእንጨቱ ላይ አነሣች። ሁለቱ ፊት ለፊት ተያዩ፤ የገለባውና የሥጋው።

«ወይዘሮ ጋውላንድ።»

«አቶ ፓሊስተር። እንደምን አደሩ።»

«ይህ ማነው?»

«ለርግብ ነው፣ ጌታዬ። አተሬን...»

«ለምን እንደቆመ አልጠየቅኩሽም። ማነው ነው ያልኩት።»

ፓሊስተር የገለባውን ሰውዬ አንድ ጊዜ ዞረው። ሆዱን በጣቱ ነካ፤ ሪዙን ጎንበስ ብሎ አየ። ከዚያ ማንም እንደሌለ ግራ ቀኙን ቃኝቶ፣ ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«ኦርዲሽ ነው።»

«አቤት?»

«ኦርዲሽ! የወረዳው ኃላፊ! አትደብቂኝ። ሆዱን አላየሁትም ብለሽ ነው? ያ ሆድ የእድገት ደብዳቤዬ ላይ ሦስት ዓመት ተቀምጦበታል።»

ቲርዛ የወረዳውን ኃላፊ አንድ ጊዜ በባቡር መስኮት አይታዋለች። የተቀቀለ እንቁላል ይበላ ነበር። የምታስታውሰው እንቁላሉን ብቻ ነው።

«እንግዲህ ጌታዬ፣ እርስዎ ካሉ...» አለች መሬት መሬት እያየች።

ፓሊስተር ሥራው ትዝ ሲለው ደብተሩን አወጣ። ግን ከከሰል ማስቀመጫዋ ክዳን ሥር ጥቁሩ ነገር ሞልቶ ይታይ ነበር። «ይህስ?»

«ከባቡር እየወደቀ ነው። እዚህ ሐዲዱ የሚታጠፍበት ኩርባ ላይ ሲደርስ ይንገጫገጫል።»

«ይወድቃል ወይስ ይወረወራል?»

አሁን ቲርዛ ቀና አለች። ድምፅዋ ለራሷም እስኪገርማት በእርጋታ ወጣ። «ማን ይወረውራል ጌታዬ? በሚሮጥ ባቡር ላይ ቆሞ ያንን ሩቅ ነገር የሚመታ ሰው በኢልደርበርን አለ?»

«የዛሬ ልጆች አይችሉም» አለ ፓሊስተር።

«ማንም አይችልም።»

«እኔ አሥራ አንድ ዓመት እሳት አንድጃለሁ፣ ወይዘሮ ጋውላንድ።»

«አዎ፤ ያኔ ባቡሩ ቀስ ይል ነበር ይላሉ።»

ፓሊስተር ደብተሩን ጧ አድርጎ ዘጋው። ሪዙ ቀና ቀና አለ። «ቀስ ይል ነበር? ጥሩ። አሁን ጣቢያ ሄጄ በሚቀጥለው ባቡር ላይ ራሴ እሳፈራለሁ። በኩርባው ላይ አንድ ፍሬ ከሰል ከወደቀ በዓይኔ አየዋለሁ። ካልወደቀም በዓይኔ አየዋለሁ። ያኔ እንነጋገራለን።»

እርሱ ሲሄድ ቲርዛ አርባ ደቂቃ ያህል ነበራት። ሰውዬውን ብትነቅለው ጥፋቷን ማመኗ ነው፤ ብትተወው ደግሞ እዚያው ቆሞ ይመሰክርባታል። በመጨረሻ ያደረገችው ነገር ምክንያቱ ለራሷም አልገባትም፤ ሄዳ ባርኔጣውን አስተካከለችለት።

ባቡሩ ጮኸ። ቲርዛ በሩን ዘግታ፣ ባንዲራዋን ይዛ ቆመች። ጃቤዝ እንደ ሁልጊዜው ወደ ወፎቹ ዞሯል። ሴፒ ከኋላ ከከሰሉ ጋር ተጣብቆ፣ እንዳይታይ የፈለገ ይመስል ሁለት እጁን ከጀርባው ደብቋል። በመካከላቸው ፓሊስተር ቀጥ ብሎ ቆሞ የከሰሉን ክምር አፍጥጦ ያያል። ኩርባው ደረሰ። ባቡሩ ተንገጫገጨ፤ እንደ ታመመ ሰው ተንቀጠቀጠ። አንድም ፍሬ አልወደቀም። የተረገመው ከሰል ያን ቀን በሙጫ የተጣበቀ ይመስል ነበር።

አለቀ፣ አለች ቲርዛ በልቧ። ዓይኗ ወደ ቤቷ መስኮት ሄደ።

ዓይኗን ስትመልስ ፓሊስተር ከሰሉን ማየት ትቶ ነበር። የሚያየው የገለባውን ሰውዬ ነው። ቀስ ብሎ ሴፒን አየ፤ ሴፒ ሰማይ ሰማይ ያያል። ጃቤዝን አየ፤ ጃቤዝ ከወፎቹ ጋር ነው። ፓሊስተር ጎንበስ አለና ብድግ ሲል እጁ ላይ ጓል ነበረ።

የመጀመሪያው ሳተና የባቄላዋን እንጨት ሰበረ። ባቡሩ ሊያልፍ ነው። አለቃው ተጣድፎ ትልቁን መረጠ፤ በአንድ እጁ የብረቱን ድጋፍ ይዞ፣ ሆዱን ይዞ፣ ዕድሜውን ይዞ ወደ ውጭ ተንጠለጠለና ሦስት ዓመት የጠበቀውን ደብዳቤ በሙሉ አንድ ላይ ወረወረው። ጓሉ የገለባው ሰውዬ ፊት ላይ አረፈ። ባርኔጣው በርሮ ሐዲዱ ላይ ወረደና በፉርጎዎቹ ሥር ተዳጠ፤ የከረጢቱ ራስም ተነቅሎ እየተንከባለለ ጎመኑ ውስጥ ገባ።

«እንካ!» አለ ፓሊስተር። ከባቡሩ ጩኸት በላይ ተሰማ።

የሴፒ አፍ ተከፍቶ ቀረ። ለሦስት ዓመት ያ ሰውዬ ማን እንደሆነ ከባቡር ማደሪያው ከሰሉ እስከሚራገፍበት ወደብ የማያውቅ እሳት አንዳጅ አልነበረም። አሁን አለቃቸው በገዛ እጁ የገዛ ራሱን ቆርጦ ጥሎ፣ በደስታ ሲንቀጠቀጥ ቆሞ አዩት። ጃቤዝ የባቡሩን ፊሽካ ገመድ ለረዥም ጊዜ ጎተተው፤ እጄ ራሱ ነው የጎተተው ይል ነበር በኋላ፣ የማይዋሸው ሰው።

ከአንድ ሰዓት በኋላ ፓሊስተር በእግሩ ተመልሶ መጣ። ፊቱ ጠቁሯል፤ አንገትጌው ተገንጥሏል። የቲርዛ ደጃፍ ድንጋይ ላይ ሳይጠየቅ ቁጭ አለ፤ እሷም እስኪተነፍስ ጠበቀች። ከጥቁሩ ፊት ውስጥ ግን ዓይኖቹ የአሥራ ሰባት ዓመት ጎረምሳ ዓይኖች ነበሩ፤ ቲርዛ አንድ ቀን እንኳ እንዲህ አይታቸው አታውቅም።

«ወይዘሮ ጋውላንድ» አለ በመጨረሻ። «ከሰል ይወድቃል።»

«አየሁት፣ ጌታዬ። ሁለት ወደቀ።»

«ኩርባው ጥሩ አይደለም።»

«እጅግ መጥፎ ነው።»

«ለላይ እንደዚያ ብዬ እጽፋለሁ። ሐዲድ ጠጋኞችም ይላካሉ።» የተገነጠለውን አንገትጌ ኪሱ ውስጥ ከተተ። «ጃቤዝ ወሬ የሚያወራ ሰው አይደለም። ልጁስ?»

«ሴፒ? ምን ሊያወራ! እሱ ሰማይ ሲያይ ነበር።»

ፓሊስተር ራሱን ነቀነቀ። ቲርዛ እዚህ ላይ እፎይ ብላ በሯን ዘግታ መሳቅ ትችል ነበር፤ ግን ያ የጎረምሳ ዓይን አንጀቷን በላው። ሰው ሳያውቅ የገዛ ራሱን ምስል ሲመታ አይቶ ዝም ማለት ከበዳት። አንድ ቃል ብትናገር ግን ቤቷን አሳልፋ መስጠቷ ነው።

«አቶ ፓሊስተር... ያ ሰውዬ...» አለች፣ ቃላቱን እየፈራች።

«አውቃለሁ።»

ቲርዛ የቤቷን በር እጀታ ጨበጠች።

«የባልሽ ባርኔጣ ነበር» አለ ፓሊስተር። «ሩበን ሲያደርገው አይቼዋለሁ። አበላሸሁብሽ። ይቅርታ አድርጊልኝ።»

ጠጋኞቹ ሦስት ቀን ሠሩ። ኩርባው ምንም አልነበረበትም፤ ስለዚህ ሥራው የቲርዛን የጥንቸል ሥጋ ጥብስ መብላትና ማንም እንዳይጠረጥር አልፎ አልፎ ሐዲዱን በመዶሻ መቀጥቀጥ ነበር። ኤሞስ ከላይ ሆኖ ድምፁን ሲሰማ አዲስ ሐዲድ የሚሠራ መስሎት ነበር።

በሳምንቱ ፓሊስተር መጣ። በወረቀት የተጠቀለለ ነገር ይዟል። ቲርዛ ራሱን መልሳ ሰፍታለት ሰውዬው ያለ ባርኔጣ ቆሞ ነበር። አለቃው ወረቀቱን ፈታ፤ የራሱ አሮጌ ባርኔጣ ነው። በገዛ እጁ ደፋለት። ትንሽ አሰበና ወደ ግራ ዘንበል አደረገው።

«ኦርዲሽ እንዲህ ነው የሚያደርገው» አለ።

ከዚያ ሥራውን ለማየት ከሰውዬው አጠገብ ቆመ፤ ሆድ ለሆድ፣ ሪዝ ለሪዝ፣ ሁለቱም ባርኔጣ ወደ አንድ ወገን። በዚሁ ቅጽበት የጃቤዝ ባቡር ከኩርባው ብቅ አለ። ሴፒ ግራ እጁን ወደ ኋላ ወስዶ፣ ጓሉን ጨብጦ ተዘጋጅቷል። ቲርዛ በሩ ላይ ሆና አየችው። ዓይኑ ከአንደኛው ወደ ሁለተኛው ሄደ፤ ከሁለተኛው ወደ አንደኛው ተመለሰ። ሳቋን ለመደበቅ ባንዲራዋን በአፏ ላይ አደረገች። ልጁ እጁን ቀስ አድርጎ አወረደ፤ ጎንበስ አለና ጓሉን እንደ እንቁላል ተጠንቅቆ አጥሩ ሥር ለቀቀው።

ፓሊስተር ጣቱን ቀሰረ።

«አየሽ?» አለ። «ይወድቃል።»

ደብተሩንም አውጥቶ ጻፈው።